በፎገራ ሜዳ የነፍሰ ጡር ሴቶች ደም ማነስና ምክንያቶቹ

የጤፍ እንጀራ ብረት ስላለበት ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አባባሉ መሠረት የሌለው አይደለም። በ1958 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአገራችን የተደረገው የምግብ ጥናት ሕዝቡ በቀን የሚመገበው ብረት እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አሳይቷል። ይሁን እንጂ በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 29ኙ ደም ያነሳቸው መሆናቸውን ገለጠ፤ በ2011 ቍጥሩ 22 ነበር። ብረቱ ይህን ያህል ከበዛ ደሙ ስለ ምን ያንሳል? ጥያቄውን በቁሐር ሚካኤልና በወረታ ዙሪያ ካለው የፎገራ ሕዝብ ኑሮ ጋር እያገናዘብን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በእርግዝና ጊዜ የደሙ ውሃ በግማሽ ያህል ሲጨምር ቀይ ሕዋሳቱ በዚያው ልክ አይጨምሩም። ስለዚህ የደሙ ጥቂት መቅጠን የተፈጥሮ ነው። በእርግዝናው ዘመን ሁሉ ግን እናቲቱ 1 ግራም የሚያህል ብረት ያስፈልጋታል። በባሕር ጠለል ላይ ለምትኖር ነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የሄሞግሎቢን ዝቅተኛው ልክ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 11 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ1500 እስከ 1999 ሜትር ከፍታ ላይ 1.1 ግራም ይጨመርበታል። ፎገራም በዚሁ ከፍታ ውስጥ ስለሚገኝ በቁሐር ሚካኤል ልኩ 12.1 ይሆናል ማለት ነው። ደሟ አስቀድሞ ያነሰ ወላድ ሌላዋ የምትቋቋመው መድማት ሊገድላት ይችላል።

አሁን ወደ ጤፉ እንመለስ። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ በሬዎች በአውድማ ላይ እየረገጡት ሲወቃ ዐፈር ይቀላቀለዋል፣ በወንፊትም ጨርሶ አይለይም። ሆፍቫንደር የተባሉት ስዊድናዊ ሐኪም በ1968 ባሳተሙት ጥናት ይህን ከፍተኛ የብረት መጠን መርምረዋል። ከዐፈሩ የሚመጣው ብረት አብዛኛው ሳይዋሐድ ያልፋል። በእህሉ ውስጥ ያለውንም ፊታት የተባለ ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ግን የፊታቱ ከፊል ይፈርሳል፤ እናቶቻችን ሊጡን ቀናት ማቆየታቸው ለጣዕም ብቻ እንዳልጠቀመ ከዚህ እንረዳለን።

ባለፉት አርባ ዓመታት ደግሞ ሩዝ የሜዳው ዋና እህል ሆኗል። ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገርበታል። ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ብረት ያለበትን ገለባ ስለሚያጣ እንጀራው ነጥቶ ያምራል እንጂ ብረቱ ይቀንሳል። ሩዝን መውቀሳችን አይደለም፤ ክረምት ውሃ የሚተኛበትን መሬት የሀብት ምንጭ ያደረገው እርሱ ነው።

ከማዕድ በኋላ የሚጠጣው ቡናም አለ። በ1983 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ ይቀንሳል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቢቆዩም ጉዳቱ ያው ነው፤ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ ግን ጉዳት አልታየበትም። ነፍሰ ጡሯን ቡና ተዪ ከማለት ይልቅ አስቀድመሽ ጠጪ ማለት ይቀላል። ቃሪያና ቲማቲም ግን ብረቱን ለማስገባት ይረዳሉ፤ ነገር ግን በርብና በጉማራ መስኖ የሚበቅለው ብዙው ለገበያ ይሄዳል።

እነዚሁ ሁለት ወንዞች በክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። በረጠበ ዐፈር በባዶ እግር የሚያርም ሰው ለመንጠቆ ትል ይጋለጣል። አንዱ ትል እንደ ዐይነቱ በቀን ከ0.03 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ደም ያስወጣል፤ ከብርቱው ዐይነት 100 ቢኖሩ 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በዚህ ውስጥ ያለው ብረት ደሟ ላነሰ ሴት 7 ሚሊ ግራም ይጠጋል፣ ይህም በመጨረሻዎቹ ወራት ሰውነቷ በቀን ከሚሻው ጋር ይስተካከላል። ወባም ቀይ ሕዋሳቱን ያፈርሳል። በ1953 በጣና ሰሜን በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው እንደ ፈጀና በ1954 ለጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መቋቋም ምክንያት እንደ ሆነ ይታወሳል። ከዚህም በቀር አራርቆ አለመውለድ እናቲቱ የጎደለውን ብረት ሳትተካ ሌላ ፅንስ ያሸክማታል።

መፍትሔው በጤና ጣቢያ አለ፤ የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ይታደላል። ነገር ግን በ2016ቱ ዳሰሳ ክኒኑን የወሰዱት ከ100 እናቶች 42 ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 ብቻ ነበሩ። በ2019 እንኳ 11 ቢደርሱ ነው። ክኒኑ ያቅለሸልሻል፣ ዐይነ ምድርን ያጠቍራል፣ ፅንሱን አግዝፎ ምጡን ያከብዳል የሚል ፍርሃትም አለ። ጥቍረቱ ያልተዋሐደው ብረት ነው እንጂ ጉዳት የለውም። ማቅለሽለሹም ክኒኑ ማታ በመኝታ ሰዓት ቢወሰድ ይቀላል። ክኒኑን የሚሰጠው ሰው ይህን በዚያው ሰዓት ካልነገራት፣ እናቲቱ በሦስተኛው ቀን ጥቍረቱን ስታይ ክኒኑን ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች።