ሳይቀመስ የሚቀርብ ገንፎ

ስለ ክርስቲያን ደስታ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የምሰማው ስለ አንድ ሰው ልብ ነው፤ ውስጥህን ፈትሽ፣ የተደረገልህን ቁጠር፣ ደስ ይበልህ። ምክሩ አይከፋም። ግን ሌሊቱን ሙሉ አምጣ የተገላገለችን ሴት «ደስ አለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ደክሟታል። አንዳንዷ ታለቅሳለች፣ አንዳንዷም ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

አምበር ላይ አዋላጅ ነኝ። የደብረ ማርቆስ መንገደኛ ከተማችንን በመስኮት አይቷት ነው የሚያልፈው። እኔ በዚህ ሥራ ያየሁት፣ የወላዷን ደስታ እሷ እስክትነቃ ድረስ ይዘው የሚቆዩላት ሌሎች መሆናቸውን ነው። በምጧ ሰዓት «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ የቆዩት ሴቶች የሕፃኑን ድምፅ እንደሰሙ እልል ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ ሥራዬን አልጨረስኩም። መርፌውን ወግቼ እንግዴ ልጁን እጠብቃለሁ፤ ከወጣም በኋላ ማህፀኗ መጠንከሩን እየዳበስኩ የሚፈሳትን ደም አያለሁ። በሙያዬ ዓይን እልልታው ቸኩሏል። ዝም በሉ ግን አልላቸውም፤ ሁሉም ነገር እስኪረጋገጥ እንጠብቅ ካልን እልል የምንልበት ቀን አይመጣም።

ጤና ተቋማት የእነዚህን ሴቶች ቦታ የተረዱት ዘግይተው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተከናወነው ከ100 ወሊድ 26ቱ ብቻ ነበር። ርቀቱና የመንገዱ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ጎረቤት በሌለበት ክፍል ባዕድ መሐል መውለዱም ብዙዎችን ቤት ያስቀር ነበር። ይህንኑ ለማቃለል በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማገንፊያና ቡና ማፍያ ተዘጋጀ፤ በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 48 ደረሰ። ገንፎው ብቻውን አመጣው ማለቴ አይደለም፤ አምቡላንሱም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹም አሉ። እኔ በምሞላው ቅጽ ላይ ግን ገንፎው ቦታ የለውም።

ይበልጥ የሚገርመኝ የሁዳዴው ገንፎ ነው። ጠያቂዋ ጿሚ ናት፤ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አትቀምስም፣ ቅቤ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ እርም ነው። ከጧት ጀምራ ግን የገብሱን ዱቄት የፈላው ውኃ ላይ እየነሰነሰች ታማስላለች፤ መሀሉን ጎድጎድ አድርጋ የተነጠረ ቅቤና በርበሬ ትሞላበታለች። የጨዉ ነገር በግምት ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ እስኪዋጥ ዓይኗን ከአራሷ አፍ ላይ አታነሳም። «ጨው አነሰው እንዴ?» አራሷ ራሷን ስትነቀንቅላት ፊቷ ይፈታል። በልተው የጠገቡ ሰዎች ፊት እንደዚያ ሲፈታ አላየሁም።

ጾሙ አራሷን አይመለከታትም። ሕፃኑ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ድረስ ጎረቤቶቿ ተራ እየገቡ ይመላለሳሉ። «ሲስተርዬ፣ አንቺስ አንድ አትጎርሺም?» ይሉኛል ለወጉ። እኔም ጿሚ መሆኔን ስነግራቸው ሳቅ ይሆናል፤ አንድ ሳህን ከብበን አራት ሴቶች፣ በላተኛዋ አንዲት።