ለሴትና ለወንድ ተብለው የሚለዩ ሸቀጦች፦ በዋጋቸውም በመልዕክታቸውም ይለያያሉ

የኒውዮርክ ከተማ የሸማቾች ጉዳይ መምሪያ እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2015 ይፋ ባደረገው የጥናት ሪፖርት ውስጥ ሁለት የልጆች ስኩተሮች ጎን ለጎን ቀርበዋል። ሁለቱም የአንድ አምራች ሥራ ሲሆኑ የተሸጡትም በአንድ መደብር ነው። የሚለያዩት በቀለማቸው ብቻ ነበር። ቀዩ ስኩተር በ24 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲሸጥ፣ ሮዝ ቀለም የተቀባው ግን 49 ዶላር ከ99 ሳንቲም ተተምኖበታል። ጉዳዩ በይፋ ከታወቀ በኋላ መደብሩ ልዩነቱ በስህተት የተፈጠረ መሆኑን ገልጾ ዋጋውን አስተካክሏል።

ይሁን እንጂ ጥናቱ ያሳየው የአንድ ስኩተር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። መምሪያው ከ90 በላይ በሆኑ የንግድ ምልክቶች የሚቀርቡ 794 ምርቶችን አወዳድሯል። ምርቶቹ ከልጆች መጫወቻና ልብስ አንስቶ እስከ አረጋውያን መገልገያ ድረስ ያሉትን የሚያካትቱ ሲሆን፣ ለሴት የሚቀርቡት ለወንድ ከሚቀርቡት በአማካይ 7 በመቶ ብልጫ እንዳላቸው ተረጋግጧል። ልዩነቱ በግል ንጽሕና መጠበቂያዎች 13 በመቶ ሲደርስ፣ በፀጉር መታጠቢያ ሻምፖና ማለስለሻ ላይ ደግሞ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። ከተወዳደሩት ምርቶች መካከል የሴቶቹ የተወደዱት በ42 በመቶ፣ የወንዶቹ የተወደዱት ደግሞ በ18 በመቶ ነው።

በአሜሪካ "የሮዝ ቀለም ግብር" የሚል መጠሪያ የተሰጠው ይህ የዋጋ ብልጫ ስሙ ግብር ይባል እንጂ ለመንግሥት የሚገባ ገንዘብ አይደለም። ሻጩ ምርቱን "የሴት" ብሎ በመለየቱ ብቻ ከሸማቿ የሚሰበስበው ጭማሪ ነው። እ.ኤ.አ በ1994 የካሊፎርኒያ ግዛት ምክር ቤት የጥናት ክፍል በልብስ ንጽሕና፣ በፀጉር ማስተካከልና በመሰል አገልግሎቶች ሳቢያ አንዲት ሴት በዓመት 1 ሺህ 351 ዶላር ያህል ተጨማሪ ወጪ እንደምታወጣ ገምቶ ነበር። ግዛቱ በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሕግ ለአንድ ዓይነት አገልግሎት በጾታ ምክንያት የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን ከልክሏል። ክልከላው ሸቀጦችንም እንዲጨምር የተደረገው ግን እ.ኤ.አ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ነው። የኒውዮርክ ግዛት በበኩሉ ተመሳሳይ ሕግ እ.ኤ.አ በ2020 ሥራ ላይ አውሏል።

ሕጎቹ ማንኛውንም የዋጋ ልዩነት አይከለክሉም። ምርቱን ለማምረት የወሰደው ጊዜ፣ የሥራው ክብደት ወይም የጥሬ ዕቃው ወጪ የሚለያይ ከሆነ ዋጋው ሊለያይ ይችላል። የሚከለከለው ከጾታ በቀር ሌላ ምክንያት የሌለው ልዩነት ነው። ይህን መለየት ቀላል እንዳልሆነ የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ በ2018 ያቀረበው ሪፖርት ያመለክታል። ቢሮው ከመረመራቸው 10 የግል መገልገያ ዓይነቶች መካከል በ5ቱ የሴቶቹ፣ በ2ቱ ደግሞ የወንዶቹ ዋጋ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሆኖም የልዩነቱ መንስኤ የጾታ አድልዎ ይሁን የማምረቻና የማስታወቂያ ወጪ ቢሮው ለመወሰን አልቻለም።

ነጋዴዎች ምርታቸውን በጾታ የሚለዩበት ዋነኛ ምክንያት ሽያጭን ማሳደግ ነው። ወንድና ሴት ልጆች ያሉት አንድ ቤተሰብ አንድ ብስክሌት ቢገዛ ታላቁ ተጠቅሞበት ለታናሿ ያስተላልፋል። ብስክሌቱ "የወንድ" እና "የሴት" ተብሎ ሲከፈል ግን ቤተሰቡ ሁለተኛ ለመግዛት ይገደዳል። ከዚህም በላይ ልዩ ተብሎ የቀረበን ዕቃ ከሌላው ጋር የሚያነጻጽር ሸማች ጥቂት ነው። ዕቃዎቹ በተለያየ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡ ደግሞ የዋጋ ልዩነቱ በቀላሉ ከዓይን ይሰወራል።

ሮዝ ለሴት፣ ሰማያዊ ለወንድ የሚለው አከፋፈል ከጥንት የመጣ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ይህን የሚወስን ወጥ ልማድ አልነበረም። እንዲያውም እ.ኤ.አ በ1918 የታተመ አንድ የሕፃናት አልባሳት ነጋዴዎች መጽሔት ሮዝ ጠንካራ ቀለም በመሆኑ ለወንድ፣ ሰማያዊ ግን ለስላሳ በመሆኑ ለሴት እንደሚስማማ መክሮ ነበር። አሁን የሚታወቀው ክፍፍል የጸናው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ በ1975 በታተመ አንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሽያጭ ካታሎግ ላይ ከተዘረዘሩት መጫወቻዎች 70 በመቶ ያህሉ የጾታ ምልክት እንዳልነበራቸው የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ያስረዳል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን የጾታ ክፍፍሉ እየሰፋ ሄዷል።

ችግሩ ከኪስ ያለፈ መሆኑ ብዙዎችን ያሳስባል። ለወንድ ልጆች የሚቀርቡ መጫወቻዎች በአብዛኛው ግንባታን፣ ተሽከርካሪንና ሳይንስን ሲያሳዩ፣ ለሴት ልጆች የሚቀርቡት ቤት አያያዝን፣ ሕፃን መንከባከብንና ውበትን ያጎላሉ። ልጆች ከመደርደሪያው የሚያነቡት መልዕክት ለእነርሱ የተፈቀደውንና ያልተፈቀደውን የሚነግር ይሆናል። የዴንማርኩ መጫወቻ አምራች ሌጎ በ7 አገሮች ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ወላጆችንና ልጆችን አስጠንቶ እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው ውጤት መሠረት፣ ከተጠየቁት ወንዶች ልጆች 71 በመቶ የሚሆኑት "የሴት" በሚባል መጫወቻ ቢጫወቱ ይሾፍብናል ብለው እንደሚፈሩ ተናግረዋል። በተመሳሳይ ሁኔታ የሚፈሩ ሴቶች ልጆች 42 በመቶ ናቸው። ይህም የተዛባ አመለካከት ሴቶችን ብቻ ሳይሆን ወንዶችንም እንደሚጎዳ ያሳያል። ኩባንያውም ከምርቶቹና ከማስታወቂያዎቹ የጾታ አድልዎን ለማስወገድ እንደሚሠራ በወቅቱ አስታውቋል።

አንዳንድ መንግሥታትና ተቆጣጣሪዎች ችግሩን በሕግና በደንብ ለማረም ጥረት አድርገዋል። በእንግሊዝ የማስታወቂያ ደረጃዎች ባለሥልጣን የሚያስፈጽመውና ጉዳት ሊያስከትል የሚችል የተዛባ የጾታ አቀራረብን የሚከለክለው ደንብ እ.ኤ.አ ከጁን 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ደንቡ አንዲት ሴት ቤት ስታጸዳ ወይም ወንድ ዕቃ ሲጠግን ማሳየትን አይከለክልም። የሚከለክለው ለምሳሌ ቤተሰቡ ያቆሸሸውን ሴቷ ብቻ የማጽዳት ኃላፊነት እንዳለባት አድርጎ ማቅረብን፣ ወይም አባት ወንድ በመሆኑ ብቻ የሕፃን ዳይፐር መቀየር እንደማይችል አስመስሎ ማሳየትን ነው።

በደንቡ መሠረት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማስታወቂያዎች የታገዱት እ.ኤ.አ በኦገስት 2019 ነው። የፊላደልፊያ አይብ ማስታወቂያ ሁለት አባቶች በምግብ ተመስጠው ሕፃናቶቻቸውን ዘንግተው ሲተዉ የሚያሳይ ሲሆን፣ የቮልስዋገን መኪና ማስታወቂያ ደግሞ ወንዶች ጠፈርተኛና ስፖርተኛ ሆነው ሲቀርቡ አንዲት ሴትን ከሕፃን ጋሪ አጠገብ ተቀምጣ ያሳያል። ካሊፎርኒያም 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ትላልቅ መደብሮች እ.ኤ.አ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ በጾታ ያልተለየ የልጆች መጫወቻ ክፍል እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። ሕጉ "የወንድ" እና "የሴት" የሚሉ ክፍሎች ጭራሽ እንዲጠፉ አያዝም።

ኢትዮጵያ ለጉዳዩ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ በ1981 ያጸደቀችው በሴቶች ላይ የሚደረግን ማንኛውንም ዓይነት መድልዎ ለማስወገድ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ አባል አገሮች አንዱን ጾታ የበላይ፣ ሌላውን የበታች የሚያደርጉ ልማዶችንና የተዛቡ አመለካከቶችን ለማስወገድ እርምጃ እንዲወስዱ በአንቀጽ 5 ያዛል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት አረጋግጧል። በ2004 ዓ.ም የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ደግሞ በጾታ ረገድ የሰውን ልጅ ክብርና እኩልነት የሚጻረር ምስል፣ አነጋገር ወይም ማነጻጸሪያ የያዘ ማስታወቂያ ሕግንና መልካም ሥነ ምግባርን እንደሚጻረር ደንግጓል።

ሕግ ብቻውን ግን መደርደሪያውን አይለውጥም። ሸማቹ ከመግዛቱ በፊት የሁለቱን ምርቶች መጠን፣ ይዘትና ዋጋ ማስተያየት፣ ልዩነቱ የቀለም ብቻ ሆኖ ሲያገኘው ርካሹን መምረጥ ይችላል። ወላጅም ልጁ ወደ ሌላው መደርደሪያ እጁን ሲዘረጋ "ይህ የአንተ አይደለም" ከማለት ቢታቀብ፣ ልጁ መጫወቻውን በፍላጎቱ እንዲመርጥ ዕድል ይሰጠዋል። ስኩተሩ ቀይም ሆነ ሮዝ አነዳዱ አንድ ነው።