ስሜን ላይ ማን የት ያድራል?

ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከዋልያና ከጭላዳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማደሪያው ነው። ጎንደር አድሬ በማለዳ ደርሼ ልመለስ? መግቢያው ከተማ ደባርቅ ልረፍ? ሎጅ ልያዝ? ወይስ ድንኳን አስጭኜ እስከ ፓርኩ ካምፖች፣ እስከ ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ ድረስ ልዝለቅ? ሲነሳ የኪስና የምቾት ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ስሜን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲወዛገብበት የኖረውም ይኸው ጥያቄ ነው፤ በዚህ ተራራ ላይ ማን ይደር፣ ማንስ ይውረድ?

ዛሬ ላይ ጥያቄው ለብዙዎች የወደፊት ሐሳብ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና እንግዳውን አስቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል። ደባርቅ ላይ በበቅሎው፣ በምግብ አብሳይነቱና በአስጎብኚነቱ ቤተሰብ ያስተዳድር የነበረው ሰው ሥራ አጥቷል። ሰላም ሲመለስ እንግዳው መመለሱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ አልጋው ሁሉ ሊሞላ፣ ለአዲስ ግንባታ ቦታ የሚጠይቀውም ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩን ረጋ ብሎ ለማየት አሁን ጊዜው ነው።

ፓርኩ በሕግ የታወጀው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት ከተመዘገቡት አሥራ ሁለት ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ አንዱ ላሊበላ፣ ሌላው ስሜን። የሚያኮራ ታሪክ ነው። በዚያው ዘመን ግን በደርግ ትእዛዝ ከተራራው ግርጌና ተዳፋት የወረዱ ገበሬዎች አሉ፤ በኃይል ነበር የወረዱት። ክብሩና ግፉ በአንድ ወቅት መጡ።

ተራራው ይጎዳል የሚለው ሥጋት ግን ፈጠራ አልነበረም። ስሜን ላይ ገብስ የሚዘራበት ተዳፋት እጅግ ቀጥ ያለ ነው፤ ዝናብ ሲመታው አፈሩ ወደ ገደል ይወርዳል። ከብቱና በጉ በበዛ ቁጥር ጓሳው ይሳሳል፣ የአስታ ዛፉ ለማገዶ ይቆረጣል። ዋልያ ደግሞ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም፤ ብሔራዊ ቡድናችን በስሙ የሚጠራበት እንስሳ ቁጥሩ በመቶዎች እንጂ በሺዎች አይደለም። ዩኔስኮ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ያስገባው በዚህ ምክንያት ነበር። መውጣት የቻለው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። ለዚህም 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ክልል ወደ 412 ሰፍቷል፣ የከብት ግጦሹ እንዲቀንስ ተደርጓል፣ የግጭ መንደርም ተነሥቷል።

ግጭ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከእመት ጎጎ አፋፍ ብዙም ሳይርቅ የነበረ ያረጀ መንደር ነው። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ መስጊድ ነበራቸው፣ ገብስ ያርሱ ነበር፣ በግና ከብት ያረቡ ነበር። እንግዳ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በቅሎ ያከራዩ፣ ልጆቻቸውም የሱፍ ቆብና ሰፌድ ይዘው መንገድ ዳር ይቆሙ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከአራት መቶ በላይ አባወራ ካሣና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቶት ወደ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ ወረደ። መንግሥት በስምምነት የተፈጸመ ነው አለ። ጊዮም ብላን የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር ግን ስለ አፍሪካ ፓርኮች የጻፈውን መጽሐፍ የሚጀምረው በዚሁ በግጭ ሕዝብ መነሣት ነው። ክርክሩ ጠንካራ ነው። አገሩ ፈረንሳይ ሴቬን የተባለውን ተራራማ ስፍራ በዓለም ቅርስነት ያስመዘገበችው እረኞቹና ገበሬዎቹ መልክ ስለሰጡት ነው፤ ስሜን ላይ ግን ያው ገበሬና እረኛ የጥፋት ምንጭ ተብሎ ተቆጠረ ይላል።

እኔ ሁለቱንም እውነት አድርጌ እቀበላለሁ። አፈሩ መሸርሸሩ እውነት ነው፤ በደሉም እውነት ነው። አንድ ነገር ግን እንዲታለፍ አልፈልግም። መንደሩ ተነሥቶ የግጭ ካምፕ እዚያው ቀርቷል። እንግዳ ድንኳኑን የሚተክለው ቀድሞ ሰው ይኖርበት ከነበረው ሜዳ አጠገብ ነው። ለተራራው ሲባል ከአያት ቅድመ አያቱ ቦታ የተነሣ ሰው ካለ፣ ለጥቂት ሌሊት የሚወጣውም ሆነ ለእንግዳ ቤት የሚሠራው ሰው ለተራራው ሲል የሚተወው ነገር ሊኖር ይገባል።

ከዚህ ተነሥቶ ነው ማደሪያ መመረጥ ያለበት። እግረ መንገዱንም የጤና ነገር አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር፣ ደባርቅ ከ2,800 በላይ፣ ሳንቃ በር 3,250 ገደማ፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላሉ። የሕክምና ባለሙያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚወጣ ሰው የሚሰጡት ምክር የታወቀ ነው፤ የዛሬው መኝታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። ደባርቅ፣ ሳንቃ በር፣ ግጭ ብሎ የሚወጣው የእግር መንገድ ከዚህ ምክር ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል። ከጎንደር በማለዳ በመኪና ተነሥቶ ጨነቅ ላይ የሚያድር ሰው ግን በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ይዘላል። ሌሊቱን ራሱን ሲመታው፣ ሲያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ ሲያጣ ብርዱ ነው ይላል። ብርዱም አለ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ይገኛል። ራስ ምታቱ ግን የከፍታው ነው፤ ከባሰበት መፍትሔው ሳይውል ሳያድር መውረድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሌሊት ደባርቅ ማደር ለሰውነትም ለከተማዋም ይበጃል። ብዙዎች ደባርቅን የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት፣ የመግቢያ ክፍያ ከፍለው፣ ስካውት የሚባለውን የታጠቀ ጠባቂና አስጎብኚ ይዘው የሚያልፏት ጣቢያ አድርገው ያዩዋታል። አልጋዋ እንደ ጎንደር ሆቴል አይደለም፤ ውኃው የሚቋረጥበት፣ መብራቱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የግጭ ሰዎች የሰፈሩት ደባርቅ ነው። እንግዳው አልጋ ሲይዝ፣ ሽሮ ሲበላ፣ ከሱቅ ባትሪና ብስኩት ሲገዛ ገንዘቡ ከተነሡት ሰዎች ደጃፍ የመድረስ ዕድል ያገኛል። ጎንደር አድሮ፣ ምሳውን ከሆቴል አስቋጥሮ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሄድ እንግዳ ለስሜን ሕዝብ የሚያስቀረው አቧራ ነው። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር አልጋ ሲጠፋ፣ ዋጋውም ሲንር እንኳ ብዙ የአገር ውስጥ ተጓዥ ይህንኑ ደርሶ መልስ ያደርግ ነበር። አንድ ሌሊት ደባርቅ ማደር ዋጋው አይከብድም፤ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ በማለዳ ለማግኘትም የተሻለ ነው።

ከደባርቅ ወዲያ ሁለት ዓይነት ማደሪያ አለ፤ ሎጅና ካምፕ። ሎጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ሁለቱ ግን ሁለት የተለያየ ሐሳብ ያሳያሉ። ቡይት ራስ ላይ፣ 3,260 ሜትር ላይ ያለው ስሜን ሎጅ በአፍሪካ ከሁሉም ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚገኝ ሎጅ ነኝ እያለ ራሱን ያስተዋውቃል፤ እንግዳው ከአልጋው ተነሥቶ ጭላዳ መሀል ይገኛል። ሊማሊሞ ሎጅ ደግሞ ለደባርቅ በሚቀርበው አፋፍ ላይ፣ ጣሊያን ከቀደደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ በላይ ተሠርቷል፤ ግድግዳው ከተደቀደቀ አፈር ነው፣ ከመሥራቾቹ መካከልም በአካባቢው ያደጉ አስጎብኚዎች አሉበት። የሁለቱም ዋጋ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዋጋው ሳይሆን ቦታው ነው። ጥያቄዬም ለነዚህ ሁለቱ ብቻ አይደለም፤ ከነሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ነው። ሎጅ ሲሠራ ውኃ ይስባል፣ ፍሳሽ ያወጣል፣ የሠራተኛ መኖሪያ ያስፈልገዋል፣ መኪና ያመላልሳል። አራት መቶ አባወራ ከወረደበት አምባ ላይ ይህንን ማውጣት ፍርድ ማጓደል ነው። አፋፉ ሳይጎዳ፣ ዕይታውም ሳይቀር፣ ከፓርኩ ወሰን ውጪ ለእንግዳ የሚሆን ቦታ ደባርቅ ዙሪያ ሞልቷል።

ካምፑ ሌላ ነው። ድንኳኑ ሲነቀል ሣሩ ይነሣል። ሳንቃ በር ለመጀመሪያ ሌሊት ይመቻል፤ ግጭ እመት ጎጎን በጠዋት ብርሃን ለማየት ለሚሻ ነው፤ ጨነቅ ለዋልያ የተሻለው ነው፣ ከዚያ በላይ ወደ ቧሂትና ወደ ራስ ደጀን የሚዘልቀውም ከዚያ ይነሣል። ድንኳን የሌለው በካምፖቹ ካሉት ተራ የመኝታ ቤቶች ይጠጋል። በቅሎ ነጂው በማኅበሩ ተራ ጠብቆ ይመጣል፤ ምግብ አብሳዩ የላምባ ምድጃውን፣ ድስቱንና ሽንኩርቱን ጭኖ ከእንግዳው ቀድሞ ይደርስና ሻይ ያፈላል። ለአንድ ቤተሰብ ጉዞ አራት አምስት የአካባቢ ሰው እንጀራ ያገኛል። እዚህ ላይ ለእንግዳው አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር አለ፤ ማገዶ እንዳይነድለት አስቀድሞ ይነጋገር። ለእሳት ተብሎ የሚቆረጠው አስታ በዚያ ብርድ ለማደግ ዘመናት ይፈጅበታል። ግጭ አካባቢ በ2011 ዓ.ም. የተነሣው ቃጠሎ ጓሳውንና አስታውን ሲበላ የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአካፋ ነበር የታገለው፤ በኋላ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪመጡ ድረስ።

ስካውቱስ የት ነው የሚያድረው? ይህን የሚጠይቅ እንግዳ ጥቂት ነው። ያለ ስካውት ፓርኩ ውስጥ መጓዝ አይፈቀድም፤ ጠመንጃውን ይዞ ከፊት ይሄዳል፣ ገደሉን ያሳያል፣ ሌሊት ካምፑን ይጠብቃል። እንግዳው በሚሞቅ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ስካውቱ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ጎጆ ጥግ ወይም ከነጭራሹ ደጅ ላይ ይጋደማል። ብዙ ጊዜ ስንቁም ከቤቱ የያዘው በሶ ወይም ቆሎ ነው። የጉዞ ዋጋ ሲነገር የሱ መኝታና ምግብ አብሮ መቆጠር አለበት። አንድ ተጨማሪ ድንኳንና ወፍራም ፍራሽ በበቅሎ ማስጫን የጉዞውን ሒሳብ ብዙ አያንረውም። አስጎብኚ ድርጅት ስትመርጡ የስካውቱንና የበቅሎ ነጂውን ማደሪያ ጠይቁ፤ በመልሱ ድርጅቱን ታውቁታላችሁ።

እንግዳው ብቻውን የማይፈታው ደግሞ አለ። ከደባርቅ ወደ ጃን አሞራና በየዳ ወረዳዎች የሚወስደው መንገድ ፓርኩን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። ጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ገበያተኛው ሁሉ በጭላዳው ሜዳና በዋልያው ገደል አጠገብ ነው የሚመላለሰው። ዩኔስኮ ከፓርኩ ውጪ አማራጭ መንገድ እንዲሠራ ለዓመታት ሲጠይቅ ኖሯል። የጃን አሞራ ሕዝብ መንገድ ይገባዋል፤ ታማሚ ያወጣል፣ እህል ያስገባል። አማራጩ መንገድ ሲጠናቀቅ ካምፖቹ ጸጥታ ያገኛሉ፣ በአሮጌው መንገድም እንግዳ በበቅሎና በእግር ብቻ ይሄድበታል። አዲሱ መንገድ የሚያልፍባቸው የቆላና የደጋ መንደሮች ደግሞ ራሳቸው እንግዳ መቀበል ይችላሉ። አንድ ሁለት ንጹሕ ክፍል፣ ሙቅ ውኃ፣ የገብስ ጠላና እንጀራ ያለው የገበሬ ቤት፣ ፈቃዱ ለመንደሩ ማኅበር ቢሰጥ፣ ከተራራው ወርደው ለሰፈሩትም ቅድሚያ ቢኖራቸው፣ ስሜን ላይ ከተሠራው ማንኛውም ማደሪያ የተሻለ ይሆናል።

ፓርኩን የሚያስተዳድረው አካልና ክልሉ ለሚቀጥለው የሎጅ ጥያቄ ፊርማ ከማኖራቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ፤ ከየትኛው ምንጭ ስንት ውኃ እንደሚወስድ፣ ቆሻሻውን የት እንደሚያደርስ፣ ከግጭ ከወረዱት ቤተሰቦች ስንት ሰው በቋሚነት እንደሚቀጥር። መልሱ በጽሑፍ ደባርቅ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ፤ ለመግቢያ የሚከፍለው እንግዳም ስካውቱም አብረው ያንብቡት።