የሜዲኬር የክፍያ ጥያቄ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብና የታካሚዎች መብት

ሜዲኬር በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሚተዳደር የጤና መድን ፕሮግራም ሲሆን፣ በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ያገለግላል። በኦሪጅናል ሜዲኬር ሥርዓት ታካሚው ከታከመ በኋላ የክፍያ ጥያቄውን የሚያቀርበው ሐኪሙ ወይም ሆስፒታሉ ነው። ጥያቄው በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልቀረበ ሜዲኬር ክፍያ አይፈጽምም። በመሆኑም የጊዜ ገደቡን ማወቅ ተጠቃሚውን ከማይገባው ዕዳ ይጠብቀዋል።

የጊዜ ገደቡ ስንት ነው?

የክፍያ ጥያቄ አገልግሎቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2024 ለተሰጠ ሕክምና ጥያቄው ቢዘገይ እስከ መጋቢት 12 ቀን 2025 ድረስ መድረስ ይኖርበታል። ታካሚው ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ ከሆነ ጊዜው የሚቆጠረው በሆስፒታሉ ሒሳብ ላይ ከተመዘገበው የመጨረሻ የአገልግሎት ቀን ነው። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የፌዴራል በዓል ላይ ከዋለ በቀጣዩ የሥራ ቀን የቀረበ ጥያቄ በወቅቱ እንደቀረበ ይቆጠራል።

ቀደም ሲል እንደ ሕክምናው ወቅት ከ15 እስከ 27 ወራት ይፈቀድ ነበር። ጊዜው ወደ አንድ ዓመት ያጠረው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የጤና ክብካቤ ማሻሻያ ሕግ ነው።

መረጃው ባለመሟላቱ የተመለሰ ጥያቄ እንደቀረበ አይቆጠርም። ተቋሙ አስተካክሎ መልሶ መላክ ያለበት በዚያው የአንድ ዓመት ገደብ ውስጥ ነው።

ገደቡ ቢያልፍ ዕዳው የማን ነው?

ከሜዲኬር ጋር ስምምነት ያለው ተቋም በራሱ መዘግየት ክፍያ ቢከለከል፣ ሜዲኬር ይከፍለው የነበረውን ገንዘብ ከታካሚው መጠየቅ አይችልም። ታካሚው የሚከፍለው ጥያቄው በወቅቱ ቢቀርብ ኖሮ ይጠበቅበት የነበረውን ድርሻ ብቻ ነው። ይህም ሽፋኑ ከመጀመሩ በፊት በራሱ የሚሸፍነው ክፍያና ከሒሳቡ የሚደርሰው ድርሻ ነው።

ጊዜው የሚራዘምባቸው ሁኔታዎች

ሕጉ ውስን ልዩ ሁኔታዎችን ይፈቅዳል። መዘግየቱ የተፈጠረው በሜዲኬር ወይም በወኪሉ የአስተዳደር ስሕተት ከሆነ፣ እንዲሁም ታካሚው የሜዲኬር ተጠቃሚነቱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ከተረጋገጠለት ተጨማሪ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የተቋሙ የሥራ መደራረብ ወይም የሠራተኛ መለዋወጥ ግን ከእነዚህ ሁኔታዎች መካከል አይደለም።

ተጠቃሚዎች ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

• ሜዲኬር በየጊዜው የሚልከውን የአገልግሎት ማጠቃለያ ማስታወቂያ ከሕክምና ቀጠሮዎቻቸው ጋር ማመሳከር፤ በማስታወቂያው ላይ ያልታየ ሕክምና ካለ ጥያቄው ገና አለመቅረቡን ሊያመለክት ይችላል።

• ጥያቄው ካልቀረበ በቅድሚያ ተቋሙ እንዲያቀርብ መጠየቅ፤ ለዚህም ተቋሙ ተጨማሪ ክፍያ ሊያስከፍል አይገባም።

• ተቋሙ ፈቃደኛ ካልሆነና የጊዜ ገደቡ ከተቃረበ፣ ሲኤምኤስ-1490ኤስ የተባለውን ቅጽ ሞልተው ዝርዝር የሕክምና ሒሳቡን በማያያዝ ራሳቸው ማቅረብ፤ የአንድ ዓመቱ ገደብ ለዚህም ይሠራል።

• ከአንድ ዓመት በላይ ላለፈው ሕክምና የክፍያ መጠየቂያ ደብዳቤ ከደረሳቸው፣ ከመክፈላቸው በፊት ተቋሙ ጥያቄውን ለሜዲኬር ያቀረበበትን ቀን መጠየቅና ደብዳቤውን ማስቀመጥ።

ሊለይ የሚገባው ጉዳይ

ከላይ የተገለጸው የኦሪጅናል ሜዲኬርን ይመለከታል። በሜዲኬር አድቫንቴጅ ለታቀፉ ሰዎች የግል መድን ድርጅቱ ከተቋማቱ ጋር የገባው ውል ሌላ ገደብ ሊይዝ ይችላል። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን የሚያገለግለው ሜዲኬይድ ደግሞ በፌዴራል ደንብ እስከ 12 ወራት የሚፈቅድ ሲሆን፣ ክፍለ ግዛቶች ከዚህ ያጠረ ጊዜ ሊወስኑ ይችላሉ።

ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ተጠቃሚዎች በስልክ ቁጥር 1-800-633-4227 መደወል ይችላሉ። በአማርኛ መነጋገር የሚፈልጉም አስተርጓሚ እንዲመደብላቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ ለትርጉም አገልግሎቱ ክፍያ አይጠየቁም።