የማን ጥፋት ነው? ከማለታችን በፊት



አንድ ሕፃን ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ እግሩ ቆልምሞ ወይም ጀርባው ላይ እባጭ ይዞ ሲወለድ መጀመሪያ የምትጠየቀው እናቲቱ ናት። «ምን በልተሽ ነው? ምን ረግጠሽ ነው?» ትባላለች። በምጥ ላይ ክትትል ጎድሎ የተጎዳ ሕፃን ሲያጋጥም ደግሞ «ቀደር ነው» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ሉማሜ መድኃኒት ስናድል ሁለቱንም እንሰማለን። እንግዲህ ያላጠፋችው ትወቀሳለች፤ መጠየቅ ያለበት ግን አይጠየቅም። በቀደር ማመን ግዴታችን ነው፤ ሰበብ ማድረስም እንዲሁ። ስለዚህ በማኅፀን የሚከሰተውን የአፈጣጠር ችግርና በወሊድ ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት ለይተን እንያቸው።

በማኅፀን የሚከሰተው

የብዙዎቹ የአፈጣጠር ችግሮች ምክንያት በውል አይታወቅም። ከሚታወቁት መካከል በዘር የሚተላለፍ ችግር፣ የእናት የስኳር በሽታ፣ እንደ ቂጥኝ ያሉ ኢንፌክሽኖች፣ አልኮልና አንዳንድ መድኃኒቶች ይገኛሉ። በአገራችን በብዛት ከሚታዩት አንዱ ግን በአብዛኛው መከላከል የሚቻል ነው። እርሱም የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር አለመዘጋት ሲሆን ዋነኛ ሰበቡ የፎሊክ አሲድ እጥረት ነው።

ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። በ4ኛው ወር ለክትትል ሄደው የሚቀበሉት ክኒን ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለዚህኛው ግን ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ፎሊክ አሲድ መጀመር ያለበት ከእርግዝና በፊት ነው። ኒካሕ ሲታሰር ስለ መህርና ስለ ድግስ እንደምንነጋገር ሁሉ ስለዚህችም ክኒን እንነጋገር። መጠኑ በቀን 0.4 ሚሊግራም ሲሆን እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ይቀጥላል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት በሐኪም ትእዛዝ 5 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የታተመ ታላቅ ጥናት ከፍተኛው መጠን የችግሩን መደገም ከ70 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመንና ቆስጣ ፎሊክ አሲድ አላቸው። ጎመኑን አብዝቶ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ግን ጥቅሙን ያስቀራል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት በፋብሪካ የሚመረት የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር ደንግጓል። ይሁን እንጂ ከማሳችን ሰብስበን ወፍጮ ቤት የምናስፈጨው ጤፍ ይህ የለበትም፤ ስለዚህ በምግብ ብቻ አንተማመን።

መድኃኒት ስትገዙ

«ነፍሰ ጡር ነኝ» ወይም «ለማርገዝ አስቤያለሁ» ማለትን አትፈሩ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ሶድየም ቫልፕሮኤት፣ ለደም መርጋት የሚሰጠው ዋርፋሪን፣ ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ፅንስን ሊጎዱ ይችላሉ። የሚጥል በሽታ ያለባት እኅት ግን በራሷ ማቋረጥ የለባትም፤ ይህ ለእርሷም ለፅንሱም አደጋ ነው። ከማርገዟ በፊት ሐኪሟ ይለውጥላት።

ታሪክም ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ታሊዶማይድ የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ለገበያ ቀረበ፤ ለእርጉዞች ማቅለሽለሽም ይሰጥ ነበር። በ1961 መጨረሻ እስኪታገድ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጎድተው ተወለዱ፤ ብዙዎቹ እጅና እግራቸው አጭር ነበር ወይም ጭራሽ አልነበራቸውም። እናቶቹ ምንም አላጠፉም። ወላጆች ጉዳዩን በመግፋታቸው ኩባንያው በ1970 100 ሚሊዮን ማርክ ለመክፈል ተስማማ።

በወሊድ ጊዜ የሚደርሰው

ምጥ ሲረዝም ሕፃኑ አየር አጥሮት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ትከሻው ተይዞ ሲጎተት የክንዱ ነርቭ ሊበጠስ ይችላል። በዚህ የተነሳ ባለሙያ በምጥ ላይ የፅንሱን የልብ ምት በየ30 ደቂቃው አዳምጦ መመዝገብ፣ ሳይተነፍስ የተወለደውንም በመጀመሪያዋ ደቂቃ አየር መስጠት ይጠበቅበታል። ይሁንና የአንጎል ጉዳት ሁሉ ከባለሙያ ስህተት አይመጣም። በማኅፀን ሳለ፣ ያለ ጊዜው በመወለዱ ወይም ከተወለደ በኋላ በማጅራት ገትር የሚመጣም አለ። የዘገየው ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ተጠያቂዎቹ እኛው ነን። ምጥ ሲጀምር ወደ ሉማሜ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪናና ገንዘብ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ሕጉ ምን ይላል?

ሐኪም ውጤቱ ስለከፋ ብቻ አይጠየቅም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2031 መሠረት የሚጠየቀው የሙያውን ደንብ በመጣስ ወይም በቸልተኝነት ሲያጠፋ ነው። ዑለማዎችም ሙያው ሳይኖረው አክሞ የጎዳ ተጠያቂ እንደሆነ፣ አዋቂው ግን ወሰኑን ካላለፈ እንደማይጠየቅ አስተምረዋል። ቤተሰብ ሦስት መንገድ አለው።

1ኛ/ አቤቱታ፦ ለሆስፒታሉ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለጤና ጽሕፈት ቤትና ለክልሉ ጤና ቢሮ በጽሑፍ ይቀርባል። በዚህ መንገድ በባለሙያው ላይ የሥነ ምግባር እርምጃ ሊወሰድ ይችላል፤ የካሳ ውሳኔ ግን ከፍርድ ቤት ነው።

2ኛ/ ወንጀል፦ በቸልተኝነት አካል መጉዳት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559፣ ሕይወት ማጥፋት በአንቀጽ 543 ያስቀጣል። ይህ ለፖሊስ ይመለከታል።

3ኛ/ ካሳ፦ በፍትሐ ብሔር ክስ ይጠየቃል። ጥፋቱ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ የፈጸመው ከሆነ መንግሥትም ሊከሰስ ይችላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን ጋብቻን፣ ቀለብንና ውርስን የመሳሰሉትን እንጂ ይህን አያዩም፤ ክሱ ለመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

ከሁሉም በላይ አንቀጽ 2143ን አትርሱ፦ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ልጁ ቁጭ ማለትና መሄድ እስኪዘገይ ሲጠበቅ፣ በሽምግልና ቀጠሮም ሲመላለሱ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ የካርድ ቁጥሩን፣ የሪፈር ወረቀቱን፣ የመድኃኒት ማዘዣውንና ማሸጊያውን አስቀምጡ። ቀንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ያዙ፤ የሕክምና ማስረጃውንም ቶሎ ጠይቁ። አቅም ለሌለው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ አሉና ፍርድ ቤት ጠይቁ።

ልጁ ግን አይጠብቅም

ክስ ኖረም አልኖረም ሕክምናው ይቅደም። ቆልማማ እግር ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጄሶ ይቃናል። ጀርባው ላይ እባጭ ያለበት ሕፃን እባጩ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘውዲቱ ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰርን፣ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የእግርንና የከንፈርን ችግር ያክማሉ። ከምጥ በኋላ ሽንት አልቆጣጠር ያላት እናትም ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በነፃ ያክማታል።

ወንድሞች! ልጁን ጓዳ አትደብቁት፤ በሚስታችሁ ላይም ጣት አትቀስሩ። ልጁ አማና ነው። አላህ ለልጆቻችን ዓፊያ፣ ለወላጆች ሰብር ይስጥልን።