አልቀበልም ያለ ታንክ

በጀልባ ጎን ላይ፣ ከውኃው ከፍ ብላ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ አለች። ባለጀልባው በየሳምንቱ ያጥባታል፣ ሰም ይቀባታል፤ ምን እንደምትሠራ ግን እምብዛም አይጠይቅም። የቤንዚን ታንኩ መተንፈሻ ናት። ታንኩ ነዳጅ አልቀበልም ሲል መጀመሪያ መታየት ያለባት እሷ ሆና ሳለ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ትታወሳለች።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር፣ በቼሳፒክ ዳርቻ ባሉ የጀልባ ማደያዎች በጋ በመጣ ቁጥር የምናየው ነገር ነው። ኖዝሉ ይገባል፣ ጥቂት ይፈሳል፣ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። እንደገና ይጨምቁታል፤ ቀጭ። ሦስተኛው ላይ ቤንዚኑ ሽቅብ ተመልሶ ሱሪ ላይ ያርፋል፣ ቀሪው ወደ ውኃው ይወርዳል። ያን ጊዜ ስድቡ ማደያው ላይ ነው።

አንድ ወጣት ያገሬ ልጅ እንዲህ ሲታገል ደረስኩ። “ጋሼ፣ የዚህ ማደያ ግፊት በዝቷል፤ ወደ ሌላው ልሂድ መሰለኝ” አለኝ። “እስቲ ልጄ፣ መዳፍህን እዚያች ቀዳዳ ላይ አድርግ፤ እኔ ልቅዳ” አልኩት። ቤንዚን በሚገባበት ታንክ መተንፈሻ ላይ መዳፍ ሲቀመጥ ትንፋሽ መሰማት አለበት። እሱ ምንም አልተሰማውም። ሌላ ማደያ ቢሄድም ያው ነበር የሚጠብቀው።

ይህ “ማደያው ነው” የሚባል ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ኖዝሉ በዚያች ሰዓት ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ጫፉን አይታችሁ እንደሆነ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ከእሷ ቀጭን ቱቦ ወደ እጀታው ይወጣል። ቤንዚኑ በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ በዚያች ቀዳዳ በኩል አየር ይስባል። ቀዳዳዋን ፈሳሽ ሲሸፍናት አየሩ ይቋረጣል፤ እጀታው ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ወደ ውስጥ ይሳብና ማስከፈቻውን ይለቀዋል። ኤሌክትሪክ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ታንኩ ይሙላ ባዶ ይሁን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቤንዚን ጫፉ ድረስ መድረሱን ብቻ ነው።

ታዲያ ባዶ ታንክ ላይ ቤንዚን ለምን እዚያ ይደርሳል? አንድ ሊትር ሲገባ አንድ ሊትር አየር መውጣት ስላለበት ነው። የጀሪካን አፍ በውኃ ጎማ ደፍኖ ለመሙላት የሞከረ ሰው የሚተፋበትን ውኃ ያውቀዋል። በጀልባ ላይ የተለመደው የመሙያ ጎማ ውስጡ 38 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የመተንፈሻው 16 ገደማ ነው። አየር ቀጭን ስለሆነ ይህ ይበቃዋል፤ ግማሹ ከተደፈነ ግን አይበቃውም።

ማን ይደፍነዋል? አንደኛዋ ሸረሪት ናት። ቀልድ የሚመስለው ካለ፣ ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን አሜሪካ 65 ሺህ ያህል ማዝዳ 6 መኪኖችን የጠራው፣ የቤንዚን ሽታ የምትወድ ትንሽ ቢጫ ሸረሪት በመተንፈሻው መስመር ውስጥ ድሯን እያደራች ስላስቸገረች ነው። መስመሩ ሲዘጋ ታንኩ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። በ2014 ደግሞ ሌላ 42 ሺህ መኪና በዚሁ ምክንያት ተጠራ። ክረምቱን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ጀልባማ ለእሷ የተመቸ ነው። ጭቃ የምታቦካ ተርብም ቀዳዳዋን ትወዳታለች። ጨው አለ፤ ቀለም ቀቢው ሳይሸፍናት ያለፈው ቀለም አለ፤ ባለቤቱ ራሱ የሞላባት ሰም አለ።

ቀዳዳዋ ንጹሕ ሆና ችግሩ ከቀጠለ ጎማውን ተከተሉት። ከታንኩ እስከ ቀዳዳዋ እየወጣ መሄድ አለበት። መሐል ላይ ከረገበ ቤንዚን እዚያ ይጠራቀምና አየሩን ይዘጋዋል፤ ከፍ አድርጎ ማሰር ብቻ ይበቃል። ጀልባው ተጎታች ላይ አዘንብሎ ከሆነም አስተካክሉት፤ ያዘነበለ ታንክ የመተንፈሻውን መውጫ በቤንዚን ሊሸፍን ይችላል። የመሙያው ጎማ መታጠፉንም እዩ።

ጥርጣሬውን የሚቆርጠው ፈተና ፋሼታውን ፈትቶ የመተንፈሻውን ጎማ ከታንኩ ላይ ማላቀቅ፣ ከዚያም በመሙያው ጥቂት መቅዳት ነው። ታንኩ አሁን ከተቀበለ ጥፋቱ ጎማው ወይም ቀዳዳዋ ነው፤ ካልተቀበለ መሙያው ነው። ይህን ሞተሩና ባትሪው ጠፍተው፣ ክፍሉ ተከፍቶ አድርጉት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ በጀልባው ሆድ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት የአየር ማስወጫው ፋን ቢያንስ 4 ደቂቃ ይሥራ።

ኮምፕረሰር አምጥተው ታንኩ ላይ እንደተገጠመ ጎማውን የሚነፉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉ! ብዙ የጀልባ ታንክ የሚፈተነው በ3 ፒኤስአይ ብቻ ነው፤ የጋራዥ ኮምፕረሰር ከ100 ያልፋል። ጎማውን ከታንኩ አላቅቃችሁ ንፉት።

ሌላው ልማድ ቀጭ ካለ በኋላ እየጨመቁ እስከ አንገቱ መሙላት ነው። በ100 ሊትር ቤንዚን ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲጨምር 2 ሊትር ገደማ ያብጣል፤ ያ ትርፍ የሚሄደው ወደ መተንፈሻው ነው። አዳዲስ ጀልባዎች ብዙዎቹ በዚያ መስመር ላይ ትነቱን የሚይዝ የከሰል ካኒስተር አላቸው። ከሰሉ የተሠራው ለትነት ነው፤ ፈሳሽ ቤንዚን ከነከረው አየር የማሳለፍ አቅሙ ይደክማል፣ ብዙ ጊዜም መለወጥ ግድ ይሆናል። ከታንኩ አንድ አሥረኛ ያህል ቦታ ሲቀር አቁሙ።