የሐይቅ ደለልና የጥንት አየር ንብረት

የሐይቅ ደለል ማለት ወንዝና ነፋስ ያመጡት እንዲሁም ከውኃው ሕይወት የቀረ ነገር በሐይቅ ወለል ላይ ሲጠራቀም የሚፈጠር ዝቃጭ ነው። አዲሱ በአሮጌው ላይ ስለሚነባበር፣ ካልተናወጠ በቀር የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል። ተመራማሪዎች ቧንቧ ወደ ወለሉ አስገብተው ረጅም የደለል ዓምድ በማውጣት የጥንቱን ዝናብና ድርቅ ይገምታሉ።

የጉራጌ ተራሮች ውኃ ከፋይ ናቸው። በወልቂጤ በኩል ያለው ዋቤ ወንዝ ወደ ግቤ ይገባል፤ ግቤም ኦሞ ተብሎ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። በቡታጅራ በኩል የሚወርደው ደግሞ በመቂ ወንዝ አማካይነት ዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ የአካባቢው የዝናብ ታሪክ በአብዛኛው የሚነበበው ከከተሞቹ ርቆ ነው።

ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ዛሬ አራት ሐይቆች ናቸው። ከ11 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው እርጥብ ዘመን ግን ውኃው በሞላ ጊዜ አንድ ሐይቅ ሆነው ወደ አዋሽ ይፈሱ ነበር። የዚያ ሐይቅ ገጽ ከዛሬው ሻላ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ይል ነበር። ምክንያቱ የምድር አዛዘር ቀስ በቀስ መለወጡ ነው፤ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የበጋ ፀሐይ ሲበረታ የክረምታችን ዝናብም ይጠነክራል። እርጥቡ ዘመን ግን አልፎ አልፎ በድርቅ ይቋረጥ ነበር።

ይህን ከሚናገሩት ምስክሮች ዋነኛዎቹ ዲያቶም የሚባሉ ደቂቅ ዋቅላሚዎች ናቸው። ቅርፊታቸው እንደ መስታወት ስለሆነ አይበሰብስም፤ የጨው ውኃና የጣፋጭ ውኃ ዝርያዎቻቸውም ይለያያሉ። የጨው ውኃዎቹ ከበዙ ሐይቁ ጎድሎ ነበር ማለት ነው። ዕድሜው በካርቦን-14 ይለካል፤ ይህ ግን ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲያ አይሠራም። ለዚያ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ይረዳል። በደቡብ ኢትዮጵያ ከጨው ባሕር በ2007 ዓ.ም. ተቆፍሮ የወጣው 290 ሜትር ያህል ደለል ወደ 620 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል።

አስቸጋሪው የቅርቡ ዘመን ነው። በደለሉ ውስጥ የዝግባ ጽጌ ብናኝ ሲቀንስ ድርቅ ይሁን መጥረቢያ ብናኙ ብቻውን አይነግረንም። ደን ተመንጥሮ ተዳፋት ሲታረስም ዝናቡ ሳይለወጥ መቂ ብዙ አፈር ይሸከማል። ስለዚህ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ ያሳስታል፤ ዲያቶሙ፣ ብናኙ፣ ከሰሉና የአፈሩ ዓይነት አብረው ይታያሉ። ጥያቄው የጥንት ብቻ አይደለም። አብያታ ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ሸሽቷል፤ ከዝዋይና ከገባሮቹ ለመስኖ ውኃ ይቀዳል፤ ከራሱ ከአብያታም ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ ቆይቷል። ከዚህ ውስጥ የሰማዩንና የሰውን ድርሻ ለመለየት ሐይቁ ሰው ሳይነካው በፊት ምን ያህል ይጎድልና ይሞላ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ መዝገብ ያለው ደለሉ ውስጥ ነው።